በዛንዚባር ገጠር በእግር ሲጓዙ መንገድ ቢጠፋብዎ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ የሚደረስባት ዛንዚባር ስሟ የሚነሣው በባሕር ዳርቻዋ ነው። ይሁን እንጂ ለእረፍት የሄደ ሰው ከሆቴሉ ጀርባ ወዳሉት መንደሮች፣ ወደ ቅመም እርሻዎቹ ወይም ወደ ቁጥቋጦው በእግሩ ወጣ ማለቱ አይቀርም፤ መንገድ የሚጠፋውም በአብዛኛው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ኡንጉጃ የምትባለውን ዋናዋን ደሴት የሚመለከቱ ሲሆኑ፣ ሰዓቶቹ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ደሴቷ ትንሽ አይደለችም ወይ? በእንዲህ ያለ ቦታ እንዴት መንገድ ይጠፋል?

ኡንጉጃ ከሰሜን እስከ ደቡብ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አላት፤ ስለዚህ ከአንዱ መንደር ወይም ከአንዱ የመኪና መንገድ እጅግ ርቆ መገኘት አስቸጋሪ ነው። መንገድ የሚያጠፋው የቦታው ስፋት ሳይሆን የመሬቱ ጠባይ ነው። በምዕራብና በመካከለኛው ክፍል፣ በተለይም በኪዚምባኒ አካባቢ፣ የቅርንፉድ፣ የቀረፋና የኮኮናት እርሻዎች እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ ሲሆኑ፣ በመካከላቸው የሚያልፉት ቀጫጭን የእግር መንገዶች ገበሬው ከቤቱ ወደ ማሳው የሚሄድባቸው ስለሆኑ ለእንግዳ ሰው ወደየትም የሚያደርሱ አይመስሉም። በምሥራቅና በደቡብ ደግሞ አፈሩ ስስ ነው፤ ከሥሩ የጥንት ኮራል ዐለት፣ ማለትም ከባሕር እንስሳት ቅሪት የተሠራ ድንጋይ፣ አለ፤ በላዩ ላይ የሚበቅለው ቁጥቋጦ ከሰው ቁመት ጥቂት ከፍ ስለሚል ባሕሩ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ እያለ እንኳ አይታይም።

ያደግሁት ገጠር ነው፤ በሀገሬ መንገድ ጠፍቶብኝ አያውቅም። እዚያ ለምን ይጠፋብኛል?

በደጋው የኢትዮጵያ ክፍል ያደገ ሰው አቅጣጫ የሚይዘው፣ ልብ ባይለውም፣ በከፍታ ነው። ተራራው በየት በኩል እንደነበረ፣ ወንዙ ወደየት እንደሚወርድ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ጉብታ ከየትኛው ጎን እንደሚታይ እያስተዋለ ይጓዛል፤ «ወደ ላይ» እና «ወደ ታች» የሚሉት ቃላት ብቻ እንኳ ግማሹን መንገድ ይነግሩታል። ኡንጉጃ ግን ዝቅተኛና ለጥ ያለች ደሴት ናት፤ ከፍተኛው ቦታዋ እንኳ ከባሕር ወለል ብዙም አይርቅም፤ በምሥራቁ ወገን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሚወርድ ወንዝ የለም፤ ዝናቡ ወዲያውኑ ወደ ኮራሉ ዐለት ይሰርጋል። ስለዚህ የለመዱት ምልክት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጎድልብዎታል። ጥሩ መንገደኛ መሆንዎ እዚህ ላይ ሊያዘናጋዎት ይችላል፤ መንገድ አያውቅም የሚባለው የከተማ ሰው ቶሎ ይጠይቃል፤ ገጠር ያደገው ግን «አሁን አገኘዋለሁ» እያለ ወደ ውስጥ ይገባል።

መንገድ እንደጠፋኝ ስረዳ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ይቁሙ። ጥላ ይፈልጉና ይቀመጡ፤ ውኃ ይጠጡ፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይመልከቱ፤ ከዚያም በእርግጠኝነት የሚያውቁት የመጨረሻው ቦታ የት እንደነበረና ከዚያ ከወጡ ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ ያስቡ። የመጡበትን መንገድ በትክክል የሚያስታውሱ ከሆነ በዚያው መመለስ ከማናቸውም አቋራጭ ይሻላል።

ሳይቆሙ በግምት መቀጠል ለምን ክፉ እንደሆነ በጥናት የተረጋገጠ ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 በጀርመን ቱቢንገን በሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሰዎችን በጫካና በበረሃ ቀጥ ብለው እንዲጓዙ አድርገው በጂፒኤስ ተከታትለዋቸው ነበር። ፀሐይ ወይም ጨረቃ ስትታይ ሰዎቹ በመጠኑ ቀጥ ብለው ሄደዋል፤ ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ግን ቀጥ ብለው የሚሄዱ እየመሰላቸው ዞረው ዞረው የራሳቸውን ዱካ አቋርጠዋል። በዛንዚባር ቁጥቋጦ ውስጥ ደመናማ በሆነ ከሰዓት በኋላ ያለ ምልክት የሚሄድ ሰው የሚገጥመው ይኸው ነው።

ካረፉ በኋላ ድምፅ ያዳምጡ። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ስለሆነ በየመንደሩ መስጊድ አለ፤ አዛን በሚሰማበት ጊዜ ድምፁ የመጣበትን አቅጣጫ በእንጨት ወይም በድንጋይ መሬት ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ድምፁ ሲያቆም አቅጣጫው ከአእምሮ በቀላሉ ይጠፋልና። የዶሮ ጩኸት፣ የሞተር ብስክሌት ድምፅ፣ የልጆች ጨዋታ ሁሉ እንዲሁ ሰው ያለበትን ይጠቁማሉ። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ካዩ ሽቦውን ተከትለው ይሂዱ፤ በአንዱ ጫፍ ቤት፣ በሌላው መንገድ መኖሩ አይቀርም። ሁለት የእግር መንገዶች ሲገጥሙ የብስክሌት ጎማ ዱካ ያለበትን ይምረጡ።

ፀሐይን አይቼ አቅጣጫ ማወቅ እችላለሁ?

በጠዋትና ከሰዓት በኋላ ይችላሉ፤ በቀትር ግን አይሞክሩት። ደሴቷ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ 6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከየካቲት መጨረሻ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን በሰሜን የምታልፈው ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ብቻ ነው። በመስከረም ወር፣ ለምሳሌ፣ በሀገርዎ በደቡብ በኩል የሚያውቋት የቀትር ፀሐይ በዛንዚባር በሰሜን ናት፤ በልማድ ብቻ የተመራ ሰው ፊቱን ወደ ተቃራኒው ያዞራል። በዚያ ላይ በቀትር ፀሐይዋ ወደ አናት ስለምትቃረብ ጥላዎ ከእግርዎ ሥር ያጥርና የሚነግርዎት ነገር አይኖረውም።

ከሰዓት በኋላ 9 እና 10 ሰዓት ላይ ግን ፀሐይ በማያሻማ ሁኔታ በምዕራብ ናት። ከፓጄ፣ ከጃምቢያኒ ወይም ከብዌጁ ዳርቻ ተነሥተው ወደ ውስጥ ገብተው ከሆነ ባሕሩ ያለው በምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይዋን ከጀርባዎ አድርገው፣ ወደዚያ የሚያደሉትን የእግር መንገዶች እየመረጡ ይሂዱ። ከፓጄ ወደ ደቡብ ከዳርቻው ጎን ለጎን የሚሄድ የአስፋልት መንገድ ስላለ ወይ መንገዱን ወይ ባሕሩን ያገኛሉ። ቁጥቋጦውን በጉልበት ጥሰው ቀጥ ለማለት አይሞክሩ፤ የኮራሉ ዐለት ስለት ነው፤ በመካከሉም በቅጠል የተሸፈኑ ጉድጓዶችና ዋሻዎች አሉ። መሬቱ እየረጠበ፣ ጭቃ እየሆነና በባሕር ዳር ጨዋማ ጭቃ ላይ የሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ ሥሮች እየታዩ ከመጡ ደግሞ ወደ ቿካ የባሕር ሰላጤ እየቀረቡ ነውና ይመለሱ።

በሌሊት የሰሜን ኮከብን አይፈልጉ፤ ከዚያ ኬክሮስ ላይ ከአድማስ በታች ስለሆነች አትታይም።

ስንት ሰዓት ላይ ይመሻል?

ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ12፡15 እስከ 12፡50 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ በግማሽ ሰዓት ገደማ ድፍን ጨለማ ይሆናል። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። በፈረንጆቹ በጋ ከስዊድን፣ ከእንግሊዝ ወይም ከሚኒሶታ ወደዚያ የሚጓዙ ወገኖቻችን ግን ረጅም የምሽት ብርሃን ስለለመዱ «ገና ብርሃን አለ» ብለው በ11፡30 ከሆቴል ይወጣሉ። ወደ ውስጥ የሚያስገባ ጉዞ ከሆነ ከ10 ሰዓት በኋላ መጀመር የለበትም፤ በዚህ ላይ ድርድር ባይኖር እመርጣለሁ።

በሰዓት ጉዳይ ለእኛ ትልቅ ጥቅም የሚሆን ነገር አለ። የስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ ገበሬው በስዋሂሊ «ሳ ኩሚ» ካለዎት የእኛው 10 ሰዓት ነው። ሆኖም በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩ የፈረንጁን አቆጣጠር ስለሚጠቀሙ፣ ከሾፌር ወይም ከአስጎብኚ ጋር የመመለሻ ሰዓት ሲወስኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተስማማችሁ በግልጽ ያረጋግጡ። ይህ ሳይረጋገጥ ሲቀር ስድስት ሰዓት መጠበቅ ይመጣል።

ስልኬ ኔትወርክ ባይኖረውስ?

ጂፒኤስ የሚሠራው ከሳተላይት ምልክት በመቀበል ስለሆነ ያለ ኔትወርክም ያሉበትን ያሳያል፤ የሚጎድለው ካርታው ነው። ስለዚህ ከመውጣትዎ በፊት በሆቴሉ ዋይፋይ የደሴቷን ካርታ በጉግል ማፕስ ወይም በኦርጋኒክ ማፕስ ላይ ያውርዱ፤ የሆቴልዎንም ቦታ ምልክት አድርገው ያስቀምጡ። ባትሪው እያለቀ ከሆነ ስልኩን በአውሮፕላን ሁነታ ላይ ያድርጉት፤ ፎቶ ማንሣት ያቁሙ፤ ቀሪውን ለአንድ ጥሪና ለመብራት ያቆዩት። የአደጋ ጊዜ ቁጥሩ 112 ሲሆን የሌላ ኩባንያ ኔትወርክ እንኳ ቢገኝ ሊሠራ ይችላል።

ቋንቋውን አላውቅም። ሰው ሳገኝ እንዴት ልጠይቅ?

ከሁሉ በላይ ልብ እንዲሉት የምፈልገው ይህን መልስ ነው፤ በዚያ ደሴት መንገድ ከጠፋበት ሁኔታ የሚያወጣው ብልሃት ከምልክትና ከኮከብ ይልቅ ሰው ነውና።

ወደ አንድ ግቢ ሲቀርቡ ዘለው አይግቡ። በእኛ ሀገር ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» እንደሚባለው ሁሉ በዚያም «ሆዲ!» ብለው ይጣራሉ፤ «ካሪቡ» የሚል መልስ ሲሰሙ ይቀርባሉ። ማንም ካልመለሰ ጥቂት ጠብቀው ይድገሙት፤ ሦስተኛ ጊዜ ካልተመለሰልዎ ወደ ሌላ ቤት ይሂዱ። በዕድሜ ከእርስዎ የሚበልጡትን ሰው «ሺካሞ» ብለው ሰላምታ ይስጡ፤ እሳቸውም «ማራሃባ» ብለው ይመልሳሉ። ሰላምታ ሳያስቀድሙ መንገድ መጠየቅ በዚያም ነውር ነው፤ ይህን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ «ኒሜፖቴያ» ቢሉ መንገድ እንደጠፋዎ ይረዱልዎታል። «ንጂያ ያ ፓጄ ኢኮ ዋፒ?» ማለት የፓጄ መንገድ የት ነው ማለት ሲሆን፣ በፓጄ ፈንታ የራስዎን መንደር ስም ያስገቡበታል። «ባራባራ» የመኪና መንገድ ነው፤ «ማጂ» ውኃ ነው። «በዚህ በኩል ነው?» ብለው እጅዎን ዘርግተው አይጠይቁ፤ እንግዳን ላለማሳፈር ሲባል «አዎ» የሚል መልስ ሊያገኙ ይችላሉ። የቦታውን ስም ብቻ ተናግረው እሳቸው እጃቸውን ወደየት እንደሚዘረጉ ይመልከቱ።

የአካባቢው ዝቅተኛው የአስተዳደር ኃላፊ «ሸሃ» ይባላል። ጉዳዩ ከመንገድ መጠየቅ ካለፈ፣ ማለትም የተጎዳ ወይም የጠፋ ሰው ካለ፣ ሸሃውን ይጠይቁ፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ ቤቱን ያውቀዋል።

አለባበስንም ያስቡበት። በዋና ልብስ ከባሕር ተነሥቶ መንገድ ጠፍቶት መንደር ውስጥ የሚደርስ እንግዳ ሰዎቹን ያሳፍራል፤ ለመርዳት የሚቀርቡትም፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ይሸሻሉ። ትከሻንና ጉልበትን የሚሸፍን ነጠላ ወይም ሻርፕ በቦርሳ መያዝ ከፀሐይም ይከላከላል፤ እርዳታ ለመጠየቅም መንገድ ይከፍታል።

በባሕሩ ዳርቻ ብቻ ብራመድ መንገድ ሊጠፋኝ አይችልም አይደል?

አቅጣጫ አይጠፋዎትም፤ መንገዱ ራሱ ግን ሊጠፋ ይችላል። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ይሸሻል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ከስድስት ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይወስዳል፤ በየቀኑም በ50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና አዲስ በምትወለድበት ሰሞን ልዩነቱ ይበረታል፤ እስከ 4 ሜትር የሚደርስ ከፍታ ይኖረዋል። በሰሜን ከኑንግዊ ወደ ኬንድዋ በአሸዋው ላይ የሚሄድ ሰው ባሕሩ ሲሸሽ በሰላም ያልፋል፤ ሲሞላ ግን ውኃው እስከ ኮራሉ ገደል ስለሚደርስ መመለሻ ያጣል።

በፓጄና በጃምቢያኒ ባሕሩ ሲሸሽ ወለሉ እጅግ ሩቅ ድረስ ደርቆ ይታያል፤ እንግዶችም ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። እዚያው የባሕር አረም የሚያለሙ ሴቶችን ያያሉ፤ ከእነርሱ የተሻለ መሪ የለም። ሴቶቹ ጭነታቸውን ይዘው ወደ ዳርቻ መመለስ ሲጀምሩ እርስዎም አብረው ይመለሱ። ውኃው የሚመለሰው ከፊት ብቻ አይደለም፤ ዝቅ ያሉትን ቦታዎች ከኋላዎ አስቀድሞ ይሞላል፤ ሰው የሚደነግጠውም፣ የባሕር ጃርት የሚረግጠውም ያን ጊዜ ነው።

የሚያስፈራ አውሬ አለ?

የዛንዚባር ነብር ጠፍቷል ተብሎ ይታመናል፤ አንበሳና ጅብም የለም። መርዘኛ እባብ ግን አለ። እግርዎን የሚያርፍበትን እያዩ ይራመዱ፤ እጅዎን ወደ ዐለት ቀዳዳ አያስገቡ። ከእባብ ይልቅ ብዙ ሰው የሚጎዳው በኮራል ስለት፣ በፀሐይና በውኃ ጥም ነው። የወባ በሽታ በእጅጉ ቢቀንስም ፈጽሞ ስላልጠፋ ከመሸ በኋላ እጅና እግርን ይሸፍኑ።

ውኃ ቢያልቅብኝስ?

ለግማሽ ቀን ጉዞ ለአንድ ሰው ከ2 ሊትር ያላነሰ መያዝ ይገባል፤ አየሩ እርጥበት ስላለው ላቡ አይደርቅም፤ ሰውነትም እንደ ደጋው ቶሎ አይበርድም። ውኃው ካለቀ በቀትር መሄድዎን ትተው እስከ 9 ሰዓት ገደማ በጥላ ይቆዩ። ራስ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የንግግር መዛባት ከመጡ ሰውየው ብቻውን መንቀሳቀስ የለበትም። ከየጉድጓዱ የሚገኘው ውኃ ያልተጣራ ወይም ጨዋማ ሊሆን ይችላል። ገበሬ ካገኙ «ማዳፉ» ብለው ለጋ ኮኮናት ይጠይቁ፤ ቆርጦ ይሰጥዎታል። የኮኮናት ዛፍ ሥር ግን አይቀመጡ፤ ፍሬው ሲወድቅ ይገድላል።

ከመሸብኝ ልቀጥል ወይስ እዚያው ልቆይ?

በእርሻ መካከል ካሉና መብራት ወይም የሰው ድምፅ ካለ በስልክዎ መብራት እየታገዙ፣ እየተጣሩ፣ በእግር መንገዱ ላይ ብቻ ይቀጥሉ። በኮራል ቁጥቋጦ ውስጥ ካሉ ግን ይቆዩ፤ ቀደም ብዬ ያነሣኋቸው ጉድጓዶች በሌሊት አይታዩም፤ የተሰበረ እግር ደግሞ አንዲት አስቸጋሪ ሌሊትን ወደ አደጋ ይለውጣታል። ገላጣ ቦታ ይምረጡ፤ በየተወሰነ ጊዜ ሦስት ሦስት ጊዜ ያፏጩ ወይም ይጣሩ፤ ለሚሰማው ሰው እርዳታ የሚፈልግ እንዳለ ምልክት ይሆነዋል። ሌሊቱ ሞቃት ነው፤ ብርድ አይገድልዎትም፤ ከ12 ሰዓት ገደማ ጀምሮም ይነጋል።

የመኪና መንገድ ላይ በጨለማ ከደረሱ በታንዛኒያ መኪና የሚሄደው በግራ መሆኑን አይርሱ። መንገዱን ሲሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ይመልከቱ፤ በጠርዙ ሲሄዱም የሚመጣው መኪና ከፊትዎ እንዲሆን ቀኙን ይዘው ይሂዱ። ልማዳችን ከዚህ ተቃራኒ ስለሆነ ደክሞ የደረሰ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል።

ወደ ጆዛኒ ጫካ ያለ አስጎብኚ መግባት ይቻላል?

አይሞክሩት። ጆዛኒ እ.ኤ.አ. በ2004 ከቿካ ሰላጤ ጋር ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል፤ በዛንዚባር ደሴቶች ብቻ የሚገኘውን ቀይ ኮሎበስ ጦጣ ለማየት የሚገባው ከመግቢያው ላይ ከሚመደብ አስጎብኚ ጋር ነው። በማንግሮቩ መካከል የተሠራውን የእንጨት መተላለፊያም አይልቀቁ።

ከልጆች ጋር ስንወጣ ምን የተለየ ጥንቃቄ እናድርግ?

ለእያንዳንዱ ልጅ ፊሽካ በአንገቱ ያንጠልጥሉለት፤ «እኛን ካጣኸን ባለህበት ቁም፣ ንፋ» ብለው አስቀድመው ያስተምሩት። የሆቴሉን ስምና ስልክ በወረቀት ጽፈው ኪሱ ውስጥ ያድርጉ። ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ አዋቂ ሰው ይሁን።

አብሮኝ የመጣ ሰው ሳይመለስ ቢመሽስ?

ጨለማ እስኪሆን አይጠብቁ። እመለሳለሁ ካለበት ሰዓት አንድ ሰዓት ካለፈ ለሆቴሉ ሠራተኞች ይንገሩ፤ አብዛኞቹ የዚያው መንደር ወይም የጎረቤት መንደር ልጆች ስለሆኑ ለሸሃውና ለሞተር ብስክሌት ነጂዎች ቃሉን ከማንም ፈጥነው ያዳርሳሉ። ቀጥሎ ለፖሊስ በ112 ያሳውቁ። ምን እንደለበሰ፣ በየት በኩል እንደወጣ፣ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ምን እንደሆነ ይንገሩ፤ ጠዋት ያነሣችሁት ፎቶ ካለ ያሳዩ። ፈላጊዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይውጡ፤ ቦታውን የማያውቅ እንግዳ ግን ብቻውን ለፍለጋ አይውጣ፤ ሁለተኛ የጠፋ ሰው ይሆናል። አንድ ሰው ስልኩ በርቶ ሆቴሉ ውስጥ ይቅር፤ የጠፋው ሰው በሌላ መንገድ ተመልሶ ሊመጣ ይችላልና።

እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ሀገር ጎብኚ በ44 ዶላር የዛንዚባር ኢንሹራንስ ኮርፖሬሽንን የጉዞ ዋስትና እንዲገዛ ይገደዳል። ሰነዱን ከፓስፖርቱ ጋር ቆልፈው አያስቀምጡ፤ የዋስትና ቁጥሩን አብረዋችሁ ላሉት ሰዎች ሁሉ በስልክ ይላኩላቸው።

መንገድ ላሳየኝ ሰው ገንዘብ ልስጥ?

ሥራውን ትቶ እስከ መንገዱ ድረስ ለሸኘዎ አዋቂ ጥቂት ሽልንግ ቢሰጡ ደግ ነው፤ እምቢ ካለም አያስገድዱት፤ «አሳንቴ ሳና» ብለው አመስግነው ይሰናበቱ። ለልጆች ግን ገንዘብ አይስጡ፤ ከትምህርት ቤት ይልቅ እንግዳ መጠበቅን ያስለምዳቸዋል። የሸኘዎት ልጅ ከሆነ ወላጆቹ ያሉበት ድረስ ተመልሶ እንዲሄድ ብርሃን መኖሩን ያረጋግጡ፤ ከመሸ አዋቂ ሰው እንዲሸኝዎት ይጠይቁ።